በአንድ ሳጥን የማይገባ ደም፦ የፕሌትሌት አንቲጅኖች ስርጭት ከሕዝብ ሕዝብ

ቀኑን ጠብቆ፣ በጥሩ ክብደት፣ ያለ ምጥ ችግር የተወለደ ሕፃን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደረቱና እግሮቹ ላይ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ደቃቅ ቀያይ ነጠብጣቦች ሲወጡበት በማዋለጃ ክፍሎች አልፎ አልፎ ይታያል። ደሙ ሲመረመር፣ በአንድ ማይክሮሊትር ከ150,000 በላይ መሆን የነበረበት የፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ሴሎች) ቁጥር ወደ 20,000 ወይም ከዚያም በታች ወርዶ ይገኛል። የእናቲቱ ፕሌትሌት ግን ሙሉ ነው፤ ትኩሳት አልነበራትም፤ የኢንፌክሽን ምልክትም በእሷም በልጇም ላይ አይታይም። እንዲህ ያለውን ሕፃን የሚያይ ሐኪም ቀድሞ መጠርጠር ያለበት፣ ሕፃኑ ከአባቱ የወረሰውን የፕሌትሌት አንቲጅን (በሴል ገጽ ላይ ያለ መለያ) የእናቱ ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ (ባዕድን የሚያጠቃ የመከላከያ ፕሮቲን) መሥራቱንና ያም አንቲቦዲ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ፕሌትሌት ማጥፋቱን ነው።

በአገራችን ሾተላይ እየተባለ የሚታወቀው የአርኤች አለመጣጣም በቀይ የደም ሴሎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ይህኛው በፕሌትሌት ላይ ያደርሰዋል ማለት ይቻላል። በሁለት ነገር ግን ይለያያሉ። ሾተላይ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ አልፎ ተከታዮቹን ሲያጠቃ፣ የፕሌትሌቱ አለመጣጣም የመጀመሪያውንም ፅንስ ሊያገኝ ይችላል። ለአርኤች ደግሞ እናቲቱ አንቲቦዲ እንዳትሠራ የሚከላከል መርፌ ካለ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሲሆነው፣ ለፕሌትሌቱ በአገልግሎት ላይ የዋለ ተመሳሳይ መከላከያ የለም። ሕመሙ ከ1,000 ወሊዶች በአንዱ ገደማ እንደሚከሰት ይገመታል። አብዛኞቹ ሕፃናት በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ፤ የሚያስፈራው በጥቂቶቹ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ገና በማህፀን ሳሉ፣ የሚደርሰው የአንጎል መድማት ነው፤ ሞትን ወይም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የአካል ጉዳትን ያስከትላል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሕመሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የእናትየው ሰውነት የትኛውን አንቲጅን ነው የሚዋጋው የሚለው ነው። መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ወላጆቹ በተገኙበት ሕዝብ ውስጥ የትኛው አንቲጅን በምን ያህል ድርሻ እንደሚገኝ ነው። በኦስሎ፣ በቶኪዮና በቤኒኗ ኮቶኑ ያሉ ሐኪሞች አንድ ዓይነት ምልክት ያለው ሕፃን ቢያዩም ቀድመው የሚጠረጥሩት አንቲጅን አንድ ላይሆን ይችላል። በዓለም ላይ የሚሠራባቸው አብዛኞቹ የምርመራ ልማዶችና ሰንጠረዦች ግን የተቀመሩት በሰሜን አውሮፓ በተገኘው ዕውቀት ላይ ነው።

ፕሌትሌቶች በመቅኔ ውስጥ ካሉ ግዙፍ ሴሎች ተቆርሰው የሚወጡ፣ ኒውክለስ የሌላቸውና ከ7 እስከ 10 ቀን የሚኖሩ ደቃቅ የሴል ቁራጮች ናቸው። በገጻቸው ላይ ከቆሰለ የደም ሥር ግድግዳና ከመሰሎቻቸው ጋር የሚያያይዟቸውን ፕሮቲኖች ይሸከማሉ። ከእነዚህ ፕሮቲኖች በአንዳንዶቹ ላይ አንዲት አሚኖ አሲድ ከሰው ሰው ትለያያለች። እጅግ የታወቀው ምሳሌ ኤችፒኤ-1 የሚባለው ነው (ኤችፒኤ «የሰው ፕሌትሌት አንቲጅን» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም ምህጻረ ቃል ነው)፤ በፕሮቲኑ 33ኛ ቦታ ላይ ሉሲን ካለ ኤችፒኤ-1ኤ፣ ፕሮሊን ካለ ኤችፒኤ-1ቢ ይባላል። ልዩነቱ በዘረመሉ ላይ የአንዲት ፊደል ለውጥ ብቻ መሆኑ የታወቀው በ1989 ሲሆን፣ አንቲጅኑ ራሱ ግን ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1959፣ በኔዘርላንድስ በቫን ሎኸምና ባልደረቦቹ ተገልጿል። በ1961 ደግሞ በአሜሪካ ሹልማንና ባልደረቦቹ፣ ደም ከተሰጣቸው ከሳምንት ገደማ በኋላ የራሳቸው ፕሌትሌት ሳይቀር የወደመባቸውን ሕሙማን ሲያጠኑ ይህንኑ አንቲጅን በሌላ ስም አገኙት። ስሞቹ እየበዙ ስለሄዱ በ1990 የጋራ መጠሪያ ተዘጋጀላቸው። ዛሬ ከ30 በላይ የፕሌትሌት አንቲጅኖች ተመዝግበዋል፤ ከእነሱም 12ቱ በስድስት ጥንድ የተደራጁ ሲሆኑ፣ የቀሩት አብዛኞቹ በጥቂት ቤተሰቦች ብቻ የታዩ ናቸው።

የስርጭት ልዩነት በተግባር ምን ያህል እንደሚያመዝን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ100 የዘረመል ቅጂዎች 15 ያህሉ ኤችፒኤ-1ቢን የሚሰጡ ናቸው። አንዲት ሴት ኤችፒኤ-1ኤ ጨርሶ የማይኖራት ከእናቷም ከአባቷም የ1ቢን ቅጂ ስትወርስ ብቻ ስለሆነ፣ 0.15 በራሱ ተባዝቶ 0.0225 ይሰጠናል፤ ከ100 ሴቶች ሁለት ያህል መሆናቸው ነው። በኖርዌይ ከ100,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች በተመረመሩበት ሰፊ ጥናት የተገኘው 2.1 በመቶ ስለሆነ ስሌቱና እውነታው ይገናኛሉ። ከሰሐራ በታች ባሉ ብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች የ1ቢ ድርሻ ወደ 10 በመቶ ስለሚጠጋ ኤችፒኤ-1ኤ የሌላት ሴት ከ100 አንዷ ትሆናለች። በጃፓንና በቻይና ግን ድርሻው ከ1 በመቶ በታች ነው። ግማሽ በመቶ ብንለው እንኳ ከ40,000 ሴቶች አንዷ ብቻ ትገኛለች፤ የቅጂው ድርሻ በ30 እጥፍ ሲቀንስ ለአደጋው የተጋለጡት እናቶች ቁጥር የሚቀንሰው በ900 እጥፍ ነው። በአውሮፓ ከባድ ከሆኑት ሕመሞች ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያስከትለው አንቲቦዲ በጃፓን ከሞላ ጎደል የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

አንቲጅኑ አለመኖሩ ብቻውን ግን አንቲቦዲ አያስከትልም። ኤችፒኤ-1ኤ ከሌላቸው እናቶች አንቲቦዲ የሚሠሩት ከ10 አንዷ ገደማ ስትሆን፣ ከእነዚህም 90 በመቶ የሚያህሉት ኤችኤልኤ-ዲአርቢ3*01:01 የተባለ ሌላ የመከላከያ ሥርዓት ዘረመል አላቸው። ባዕዱን ቁራጭ ለመከላከያ ሴሎች አንሥቶ የሚያሳየው የዚህ ዘረመል ፕሮቲን ነው። ይህም ዘረመል በበኩሉ ከሕዝብ ሕዝብ ስለሚለያይ፣ የአንድን ማኅበረሰብ ተጋላጭነት ለመገመት ሁለቱን ስርጭቶች አጣምሮ ማየት ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ ይዞ የሚሰጥ ግምት፣ ስሌቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ጎደሎ ነው።

በኤችፒኤ-5 ላይ ደግሞ ዋናው መድረክ አፍሪካ ናት። ኤችፒኤ-5ቢ በምሥራቅ እስያ 3 በመቶ፣ በአውሮፓ 10 በመቶ፣ በብዙ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቦች ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ድርሻ አለው። እዚህ ላይ ለአደጋ የምትጋለጠው 5ቢ የሌላት እናት 5ቢን ከአባቱ የወረሰ ፅንስ ስታረግዝ ነው። ስሌቱ ሲሠራ እንዲህ ዓይነቱ አለመግጠም በምሥራቅ እስያ ከ100 እርግዝናዎች በ3ቱ ገደማ፣ በአውሮፓ በ8ቱ፣ በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ በ13ቱ ያህል ይኖራል። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም ጉዳቱ እንደ ኤችፒኤ-1ኤው የከፋ አይደለም፤ ኤችፒኤ-5ን የሚሸከመው ፕሮቲን በአንድ ፕሌትሌት ላይ በጥቂት ሺህ ብቻ ሲቆጠር፣ ኤችፒኤ-1ን የሚሸከመው በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠር፣ አንቲቦዲው የሚያርፍበት ቦታ ያንሰዋል። ያም ሆኖ በዚህ አንቲቦዲ ምክንያት በከባድ ሁኔታ የደሙ ሕፃናት አሉ። ቀላል ነው ተብሎ ከምርመራ ዝርዝር ሊወጣ አይገባውም፤ አንቲጅኑ በበዛበት ምድር ላይማ ጨርሶ አይገባም።

ኤችፒኤ-4 በአንጻሩ የምሥራቅ እስያ ጉዳይ ነው። ኤችፒኤ-4ቢ በጃፓን ከ100 ቅጂዎች በአንዱ ገደማ ሲገኝ፣ በአውሮፓውያንና በአፍሪካውያን ዘንድ ከሞላ ጎደል አይገኝም። በጃፓን ሐኪሞች የአራስ ሕፃናትን የፕሌትሌት መመናመን ሲመረምሩ በቅድሚያ ከሚጠረጥሯቸው አንቲቦዲዎች ዋነኛው የዚህ ነው። የአንድ አንቲጅን ድርሻ 1 በመቶ ብቻ ሆኖ በአገር ደረጃ ዋና ተጠርጣሪ መሆኑ፣ «ብርቅ» የሚለው ቃል ያለ ቦታው ትርጉም እንደሌለው ያሳያል። ኤችፒኤ-3 እና ኤችፒኤ-15 ግን ሁለቱ ቅርጾቻቸው በአብዛኛው ዓለም ተቀራራቢ ድርሻ ስላላቸው ከጂኦግራፊ አንጻር ብዙ የሚያነጋግሩ አይደሉም።

ከኤችፒኤ ቁጥሮች ውጪ ያለው ሲዲ36 የተለየ ትኩረት ይገባዋል፤ እዚህ ላይ የሚለያየው የፕሮቲኑ ቅርጽ ሳይሆን መኖር አለመኖሩ ነውና። አንዳንድ ሰዎች ሲዲ36ን ጨርሶ አይሠሩም። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ በምሥራቅ እስያና ከሰሐራ በታች ባሉ ሕዝቦች ፕሌትሌታቸው ሲዲ36 የሌለው ሰዎች ከ100 ጥቂቶች ይገኛሉ። ፕሮቲኑ የሌላት ሴት ስታረግዝ ወይም ደም ስትወስድ በመላ ፕሮቲኑ ላይ አንቲቦዲ ልትሠራ ትችላለች። የዚህ አንቲቦዲ ጉዳት በፕሌትሌት ላይ ብቻ አይወሰንም፤ በቻይናና በሌሎች የእስያ አገሮች ፅንሱ መላ ሰውነቱ ውኃ ቋጥሮ እስኪያብጥ ድረስ ያደረሰባቸው ሁኔታዎች ተዘግበዋል። በአውሮፓ ላሉ እናቶች ታስቦ የተሰናዳ ምርመራ ሲዲ36ን ካላካተተ፣ ለአፍሪካዊቷ ወይም ለእስያዊቷ እናት «አንቲቦዲ አልተገኘም» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ይህ መልስ እናቲቱን ያረጋጋታል፤ ቀጣዩን ፅንስ ግን ለአደጋ ያጋልጠዋል።

ልዩነቶቹ ከየት መጡ? ቀጥተኛው መልስ የሰው ልጅ የፍልሰት ታሪክ ነው። ቺምፓንዚዎች በ33ኛው ቦታ ላይ ሉሲንን ይዘው መገኘታቸው ኤችፒኤ-1ቢ በሰው ዘር ውስጥ በኋላ የተፈጠረ ለውጥ መሆኑን ይጠቁማል። በአፍሪካም በአውሮፓም መገኘቱ ዕድሜው ረጅም መሆኑን ሲያመለክት፣ በምሥራቅ እስያ እጅግ መመናመኑ ወደዚያ የተሻገሩት ቡድኖች አነስተኛ ስለነበሩ በአጋጣሚ ከመሳሳቱ ጋር ይስማማል። ኤችፒኤ-4ቢ በምሥራቅ ብቻ መወሰኑ ደግሞ ሕዝቦች ከተለያዩ በኋላ እዚያው የተፈጠረ መሆኑን ያሳያል። ለእያንዳንዱ ልዩነት በሽታ ወይም የአየር ንብረት የመረጠው ጥቅም መፈለግ የሚማርክ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ማስረጃ ያጥረዋል። ለዚህ ሲዲ36 ጥሩ ትምህርት ሰጥቷል። በፋልሲፓረም ወባ የተያዙ ቀይ የደም ሴሎች ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚጣበቁት በከፊል በሲዲ36 አማካይነት ስለሆነ፣ የዚህ ፕሮቲን እጥረት በአፍሪካ የበዛው ከወባ ስለሚከላከል ነው የሚል ግምት ነበር። በ2000 የታተመ ጥናት ግን እጥረቱን ያመጡት ለውጦች ከከባድ ወባ ጋር የተያያዙ መሆናቸውን በማሳየት የተጠበቀውን ገለበጠው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ ግንኙነት አላገኘም። አጋጣሚ፣ አነስተኛ መነሻ ቡድንና መገለል የሚያስረዱትን ያህል ካስረዱ ሌላ ተረት መጨመር አያስፈልግም የሚል እምነት አለኝ።

እስካሁን «አፍሪካ» እያልኩ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው የአህጉሩ ክፍል የተገኙ ናቸው። በዓለም ላይ በስፋት ከሚጠቀሱት የዘረመል መዛግብት አንዱ የሆነው የ1,000 ጂኖም ፕሮጀክት በመጨረሻው ዙር 2,504 ሰዎችን ከ26 ሕዝቦች ያካተተ ሲሆን፣ በአህጉሩ ውስጥ የወከላቸው የናይጄሪያን ሁለት ሕዝቦች፣ የጋምቢያን፣ የሴራሊዮንንና የኬንያን ነው። ከአፍሪካ ቀንድ አንድም ሕዝብ አልተካተተም። በካሪቢያንና በአሜሪካ ያሉት ጥቁሮችም መዝገቡ ላይ አሉ፤ አባቶቻቸው ግን በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የተወሰዱ ናቸው። ስለዚህ «የአፍሪካ ድርሻ» በሚል ዓምድ የሚታተመው ቁጥር ለጎንደር፣ ለሐረር ወይም ለጋምቤላ እናት በቀጥታ የሚሠራበት ምክንያት የለም።

ይህ ባዶ ጥርጣሬ አለመሆኑን የሚያስረዳ በሚገባ የታወቀ ምሳሌ በቀይ የደም ሴሎች ላይ አለ። ዳፊ የተባለው አንቲጅን በምዕራብ አፍሪካ ከ95 በመቶ በላይ በሆነው ሕዝብ ቀይ ሴሎች ላይ አይገኝም፤ የቫይቫክስ ወባ በዚያ ምድር ሳይስፋፋ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ግን ዳፊ የሌለው ሰው ከግማሽ በታች ስለሆነ ቫይቫክስ ከፋልሲፓረም ቀጥሎ የአገሪቱ ዋና የወባ ዓይነት ሆኖ ኖሯል። ቀይ የደም ሴሎችን የማጭድ ቅርጽ የሚያስይዘው የማጭድ ሴል ዘረመልም በምዕራብ አፍሪካ እንደተስፋፋው በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አልተስፋፋም። የኢትዮጵያን ወባ በናይጄሪያ ሰንጠረዥ ልጠብቅ ያለ ሐኪም ቫይቫክስን ይስተው ነበር። በፕሌትሌት አንቲጅን ላይም ተመሳሳይ ስሕተት ሊፈጸም ይችላል።

የዚህም መነሻ ታሪክ ነው። በ2012 የታተመ የዘረመል ጥናት፣ የሴማዊና የኩሻዊ ቋንቋ ተናጋሪ ኢትዮጵያውያን የዘር ሐረግ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከአፍሪካ ውጪ፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ተመልሶ ከገባ ፍልሰት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። በምዕራብ ጠረፍ ያሉ የናይሎቲክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ግን በዘር ሐረግ ለደቡብ ሱዳን ሕዝቦች የቀረቡ ናቸው። ይህን ይዘን ስናስብ፣ የኤችፒኤ-5ቢ ድርሻ በደጋው በአውሮፓውና በምዕራብ አፍሪካው ቁጥር መካከል መሆኑን፣ በጋምቤላ ደግሞ ወደ ሁለተኛው መጠጋቱን መጠበቅ ምክንያታዊ ነው። ይህ ግን መላምት እንጂ ለሕክምና ውሳኔ የሚበቃ ልኬት አይደለም፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚል አንድ አማካይ ቁጥርም ቢወጣ የጋምቤላንና የጎንደርን እናት ቀላቅሎ ያንኑ ስሕተት በአነስተኛ መጠን ይደግመዋል።

በውጭ የሚኖረው ወገናችን ችግሩን ከሌላ በኩል ይገናኘዋል። በዋሽንግተን አካባቢ የምትወልድ ኢትዮጵያዊት በሆስፒታሉ መዝገብ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ትገባለች፤ ከአዲስ አበባና ከጎንደር ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ደግሞ የሰፈራቸው ሆስፒታል በለመዳቸው በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ ቁጥሮች ይመዘናሉ። ሁለቱም ሳጥኖች ከፊል እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም። ለግለሰብ እናት መፍትሔው ሳጥኑን ትቶ እሷንና የልጇን አባት በቀጥታ መመርመር ነው። የዘረመል ምርመራው ከሁለቱ ወላጆች በሚወሰድ ጥቂት ደም ስለሚሠራ፣ የሕዝብ ሰንጠረዥ የሚያስፈልገው የትኛውን ምርመራ ማስቀደም እንደሚገባና የትኞቹን ለጋሾች ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ ለመወሰን እንጂ በእናቲቱ ላይ ፍርድ ለመስጠት አይደለም።

የለጋሾች ጉዳይ በተለይ የሚያሳስብ ነው። ፕሌትሌት ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ እየተነቀነቀ የሚቀመጥና በተለመደው አሠራር ከ5 ቀን በላይ የማይቆይ በመሆኑ፣ አንቲጅኑ የሌለበትን ደም ለችግር ቀን አኑሮ መጠበቅ አይቻልም። የሚቻለው አንቲጅኑ እንደሌላቸው የታወቁ፣ ሲጠሩ የሚመጡ ቋሚ ለጋሾችን በመዝገብ መያዝ ነው። ኤችፒኤ-1ኤ የሌለው ሰው ሁለት በመቶ በሆነበት አገር ከ1,000 ለጋሾች 20 ይገኛሉ፤ አንድ በመቶ በሆነበት 10፤ ከ40,000 አንድ በሆነበት ግን መዝገቡ ራሱ ሌላ አንቲጅን ላይ ማተኮር አለበት። ለኢትዮጵያ የሚሆነው መዝገብ በየትኛው አንቲጅን ይጀምር የሚለውን ለመመለስ በየክልሉ ደጋግመው ከሚለግሱ ፈቃደኞች የተወሰዱ ጥቂት መቶ ናሙናዎችን መመርመር በቂ መነሻ ነው። ብዙ ወጪና ዓመታት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ደም ባንኮች ለሌላ ምርመራ ከሚወስዱት ናሙና ላይ ሊጀመር ይችላል።

መዝገብ እስኪኖር ድረስ የሚደማ ሕፃን አይጠብቅምና በእጅ ያለውን ማወቅ ይጠቅማል። ተስማሚ ለጋሽ በሌለበት ከማንኛውም ለጋሽ የተገኘ ፕሌትሌት መስጠት ባዶ ከመጠበቅ ይሻላል፤ በብዙ ሕፃናት ላይ ቢያንስ ለጥቂት ጊዜ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተጣራ የአንቲቦዲ መድኃኒት) ሲታከልበት ደግሞ ውጤቱ ሊረዝም ይችላል። ሌላዋ ለጋሽ እናቲቱ ራሷ ናት። የሚጠላው አንቲጅን በእሷ ፕሌትሌት ላይ ስለሌለ፣ ከፕላዝማው ጋር ያለው አንቲቦዲ ታጥቦ ከወጣና ፕሌትሌቱ በጨረር ከታከመ ለልጇ ይስማማል፤ ይህም የሕዝብ ሰንጠረዥ ኖረም አልኖረም የሚሠራ መንገድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው እርግዝና ደግሞ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። አባትየው ከሁለቱም ወላጆቹ ያንኑ አንቲጅን የወረሰ ከሆነ እያንዳንዱ ቀጣይ ፅንስ አንቲጅኑን ይዞ ይመጣል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰ ከሆነ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። በዚህ ጊዜ በእናቲቱ ደም ውስጥ ከሚንሳፈፈው የፅንሱ ዲኤንኤ፣ ማህፀን ሳይነካ፣ የፅንሱን ዓይነት ማወቅ በአውሮፓ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች ይቻላል። ፅንሱ አንቲጅኑ ካለበት እናቲቱ በእርግዝና ወቅት በየሳምንቱ ኢሚዩኖግሎቡሊን ትወስዳለች፤ ከሌለበት ግን ከውድና አድካሚ ሕክምና ትድናለች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕፃን የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ በእጇ መያዝ ያለባት ወረቀት የራሷንና የባሏን የፕሌትሌት አንቲጅን ዓይነት፣ የተገኘውን አንቲቦዲ ስምና የሕፃኑን ዝቅተኛ የፕሌትሌት ቁጥር የሚመዘግብ ነው፤ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ብትወልድም ቀጣዩ ሐኪም የሚነሣው ከዚያ ወረቀት ነውና።